የተቆረጠ ቅጠል ትንፋሽ፦ ከሙዝ ቅጠል እስከ ፕላስቲክ ከረጢት

ከመርሳ እስከ ወልዲያ ያለው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለእህል ነጋዴ ይህ ርቀት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በሶብላና ጤና አዳም ይዛ ከሀብሩ ወደ ገበያ ለምትወጣ ሴት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጠዋት የተቀነጠሰው ቅጠል ቀትር ላይ ከጠወለገ ዋጋው ይወድቃልና። ለመሆኑ ቅጠልን እንደ ለመለመ ሩቅ ስፍራ የማድረስ ጥበብ በአገራችን የለምን? ታሪኩ ሲመረመር ጥበቡ አለ፤ የዳበረው ግን ለወጥ ቤት ቅጠል ሳይሆን ለጫት ነው።

የሐረርጌ ነጋዴ ለጋውን ጫት አስሮ በእርጥብ የሙዝ ቅጠል ይጠቀልለዋል። የምድር ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ሲደርስ የጅቡቲ ጉዞ አጠረ። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህም ጫት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ኤደን ይጫን ጀመር። ንግዱ እጅግ በመስፋፋቱ የኤደን የእንግሊዝ አስተዳደር በ1957 እ.ኤ.አ. ጫትን ከለከለ፤ እገዳው ግን በተከታዩ ዓመት ተነሣ። የጥድፊያው ምሥጢር በሳይንስ የተገለጠው ዘግይቶ፣ በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ከለጋው ቅጠል ተለይቶ ታወቀ፤ ቅጠሉ ሲደርቅም ካቲን ወደሚባለውና ኀይሉ ወደ ደከመው ንጥረ ነገር ይለወጣል። ነጋዴው ይህን ኬሚስትሪ ሳይማር መፍትሔውን አስቀድሞ አግኝቶት ነበር።

የመፍትሔው ባሕርይ ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። የተቆረጠ ቅጠል ሕይወቱ አላለፈም፤ ኦክሲጅን እየሳበ፣ ሙቀትና ውሃ እያወጣ ይተነፍሳል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ትንፋሹ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። እርጥቡ የሙዝ ቅጠል በዙሪያው ያለውን አየር ያረጥባል፤ በእጥፋቱ በኩልም አየር ያስተላልፋል።

ፖሊኤቲሊን በእንግሊዝ አገር በ1933 እ.ኤ.አ. ተገኝቶ ቆይቶ ወደ ገበያችን በፌስታል መልክ ሲገባ የመጀመሪያውን ሥራ ከሙዝ ቅጠል አብልጦ ሠራ፤ ሁለተኛውን ግን ዘነጋ። አፉ ተቋጥሮ ፀሐይ ላይ በዋለ ፌስታል ውስጥ አየሩ ይታፈናል፤ ጤዛ ያዝላል፤ ቅጠሉም ይበሰብሳል። ስለዚህ ከረጢቱ በጥቃቅን ቀዳዳዎች መበሳት አለበት። ብርድም ለሁሉ አይስማማም። ድንብላል በ0 ዲግሪ አጠገብ ሰንብቶ ሲቆይ፣ በሶብላ ከ10 ዲግሪ በታች ይጠቁራል፤ የሚስማማው 12 ዲግሪ ያህል ነው።

ዛሬ ደግሞ ታሪኩ ወደ መነሻው የሚመለስ ይመስላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ከረጢቶችን አግዶ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው ዐዋጅ ደግሞ እገዳውን አጥብቆታል። ፌስታሉ ሲቀር ለሀብሩዋ ሴት ምን ይተካላታል?

ሙዝ በአካባቢው ይበቅላል። የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል በዚያው በሀብሩ ነው፤ ወልዲያም ዩኒቨርሲቲ አላት። ሚዛንና ቴርሞሜትር ይዞ አንዱን የበሶብላ እስር በሙዝ ቅጠል፣ ሌላውን በእርጥብ ጨርቅ፣ ሦስተኛውን ያለ መጠቅለያ አድርጎ ጠዋትና ማታ መመዘን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለጫት የተደከመው ድካም ለወጥ ቤታችን ቅጠልም ይገባዋል፤ ሥራው የእኛ የሙያ ባልደረቦች ነውና እንጀምረው።