ሽብልቅ (በንጣፍና በግድግዳ ልባስ ሥራ)

ሽብልቅ አንድ ጫፉ የቀጠነ፣ ሌላው የወፈረ፣ ሲገፋ ወይም ሲመታ የተቀበለውን ኃይል ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ የሚመልስ መሣሪያ ነው። በዚህ ዐንቀጽ የሚነገረው ግን ሴራሚክ፣ ፖርሴሊንና ልስልስ ድንጋይ በሚነጠፍበት ጊዜ ጎን ለጎን የሚያርፉትን ንጣፎች ጠርዝ በአንድ ልክ ይዞ ስለሚያቆየው፣ ከፕላስቲክ ስለሚሠራው ትንሽ ሽብልቅ ነው። ብቻውን ሳይሆን ከክሊፕ ጋር ተጣምሮ ያገለግላል፤ ማጣበቂያው ሲደርቅ ክሊፑ ተሰብሮ ይጣላል፣ ሽብልቁ ግን ተጠርጎ ለሌላ ሥራ ይቀመጣል።

ጥንተ ታሪክ

ሽብልቅ ከጥንታውያን መሣሪያዎች አንዱ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ሊቃውንቱን የሚያከራክራቸው የአጠቃቀሙ ሥርዓት ነው። ከአክሱም በስተ ምዕራብ በጎቦድራ ኮረብታ፣ የሐውልቶቹ ድንጋይ ይወጣበት በነበረው ስፍራ፣ በመሥመር የተደረደሩ የሽብልቅ ጉድጓዶች እስከ ዛሬ ይታያሉ። እነዚህን ጉድጓዶች የተመለከቱ አንዳንድ ተመራማሪዎች ጠቢባነ እድ ደረቅ እንጨት ቀርቅረው ውኃ ያፈሱበት ነበር፣ እንጨቱም ሲያብጥ ድንጋዩን ይሰነጥቀው ነበር ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የአክሱም ድንጋይ እጅግ ጠንካራ ስለ ሆነ ከብረት ሽብልቅ በቀር የሚበግረው አልነበረም ብለው ይሟገታሉ። ስለ ግብፁ የአስዋን ድንጋይ ማውጫም ይኸው ክርክር ተነሥቷል። ምናልባት ሁለቱም መንገዶች እንደ ድንጋዩ ጠባይ ይሠራባቸው ይሆናል። ሽብልቁ ከየትኛውም የተሠራ ቢሆን፣ 33 ሜትር ገደማ ርዝመትና ከ500 ቶን የማያንስ ክብደት እንዳለው የሚገመተውን ታላቁን ሐውልት ከዐለቱ ለማላቀቅ ኃይሉ በመሥመሩ ሁሉ ላይ በእኩልነት መከፋፈል ነበረበት፤ ጉድጓዶቹ ተራ ይዘው መገኘታቸውም ይህን ዕውቀት የሚመሰክር ይመስላል። የዛሬው ንጣፍ ሠሪም ሽብልቆቹን በየተመጠነው ርቀት የሚተክለው በዚሁ ምክንያት ነው።

የዛሬው ክሊፕና ሽብልቅ በየት አገር እንደ ተጀመረ ሲጠየቅ፣ የኢጣልያ፣ የስጳኝና የአሜሪካ አምራቾች ተቀራራቢ መሣሪያዎች ስላወጡ የቀደምትነትን ክብር ለአንዱ ብቻ መስጠት ያስቸግራል። መንሥኤው ግን ግልጽ ነው። ከኢጣልያዋ ሳሱዎሎና ከሌሎች የሴራሚክ ከተሞች የሚወጣው ንጣፍ ከዘመን ወደ ዘመን እየሰፋ ሄደ፤ ሰፊ ንጣፍ ደግሞ በምድጃ ውስጥ በጥቂቱም ቢሆን መቆልመሙ አይቀርም፤ በ10 ሴንቲሜትር ንጣፍ ላይ ዐይን የማያየው ጉብጠት በ120 ሴንቲሜትር ንጣፍ ላይ እግር ያደናቅፋል። በአሜሪካ ደንብ ጎኑ ከ38 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ንጣፍ ከትልልቆቹ የሚቆጠር ሲሆን፣ ፉጋው (በንጣፎች መካከል የሚተወው ክፍተት) ከ6 ሚሊሜትር በሚጠብበት ጊዜ በሁለት ጠርዞች መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 0.8 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ የንጣፉ የራሱ ጉብጠት በላዩ ይታሰብለታል።

አሠራሩና መሻሻሉ

የክሊፑ መሠረት ከንጣፎቹ ጠርዝ ሥር በማጣበቂያው ውስጥ ይገባል፤ ቀጭኑ አንገቱ በፉጋው በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ሽብልቁም በክሊፑ መስኮት ገብቶ በሁለቱ ንጣፎች ላይ ተጋድሞ ሲገፋ ከፍ ያለውን ጠርዝ ወደ ታች ይጫናል፣ ዝቅ ያለውን በክሊፑ መሠረት አማካይነት ወደ ላይ ይስባል። ዝንባሌው 10 ዲግሪ የሆነ ሽብልቅ 10 ሚሊሜትር ሲገፋ 1.8 ሚሊሜትር ያህል ያነሣል። ዝንባሌው በቀነሰ መጠን ኃይሉ ይበረታል፣ ወደ ኋላም አይመለስም፤ ነገር ግን ሽብልቁ መርዘም አለበት። ማጣበቂያ የነካው ፕላስቲክ ስለሚንሸራተት ጥርስ ይወጣለታል፤ ጥርሱ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ የደረቀው ማጣበቂያ ይሞላበትና በሚቀጥለው ቀን አይነክስም።

ከሁሉ የሚከፋው ጉድለት ሽብልቁ ንጣፉን በሚገፋበት አቅጣጫ አብሮ መጎተቱ ነው፤ ፉጋው ባንድ በኩል ይጠባል፣ በሌላው ይሰፋል፣ የተወለወለው ፊትም በአሸዋ ቅንጣት ይጫራል። ሠራተኛው አንዱን ሽብልቅ ከቀኝ፣ ቀጣዩን ከግራ እያፈራረቀ ቢያስገባ ጉዳቱ ይቀንሳል። አምራቾች በበኩላቸው ከሽብልቁ ሥር ለስላሳ ሰሌዳ በመጨመር፣ ፉጋው እንዲታይ መካከሉን በመክፈት፣ ወይም ሽብልቁን ትተው እንደ ብሎን የሚጠብቅ ቆብ በመሥራት ግፊቱን ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲወርድ ለማድረግ ጥረዋል። በዚህ አዘጋጅ ግምት መሻሻል የሚገባው ይኸው ቀጥተኛነት እንጂ ብርታቱ አይደለም። በፒንሳ ያለ ልክ የተጨመቀ ሽብልቅ ዝቅ ያለውን ንጣፍ ከማጣበቂያው ያነሣዋል፤ ፊቱ ልክ መስሎ ከሥሩ ባዶ ይሆናል፣ ሲንኳኳም ያስተጋባል። ሊሾው ካልተስተካከለ፣ ውኃ ልክም አስቀድሞ ካልተነበበ፣ ሽብልቁ ጥፋቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም።

በዳላስና በፎርት ወርዝ

የንጣፍ አምራቹ ዳልታይል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 በአሜሪካዋ ዳላስ ተመሥርቶ በ2002 በሞሆክ ኩባንያ እጅ የገባ ሲሆን፣ የሌላው ንጣፍ አምራች የማራዚ የአሜሪካ ፋብሪካም በአቅራቢያው በሰኒቬል ይገኛል፤ ማፔይ የተባለው ኩባንያም እዚያው አቅራቢያ በጋርላንድ ማጣበቂያ ያመርታል። ስለዚህ አገሩ ንጣፍ አመንጪም ንጣፍ አንጣፊም ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዚህ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር በአገራችን ዋልካ ከምንለው ወገን ነው፤ በዝናም ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በላዩ የፈሰሰውን ሶሌታ ያነሣል፣ ይጥላል። በዚህ ምክንያት ውስጡ በውጥር ሽቦ የተያዘ ሶሌታ በአዳዲስ ቤቶች የተለመደ ነው። ሽብልቅ ጠርዙን የሚይዘው ማጣበቂያው እስኪደርቅ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እንቅስቃሴ የሚችለው በቤት ውስጥ በየ6 እስከ 7.6 ሜትር፣ ፀሐይ በሚያገኘው ወለል ደግሞ በየ2.4 እስከ 3.7 ሜትር የሚተወው፣ በሚለጠጥ ማሸጊያ የሚሞላው ክፍተት ነው።

የውጭ ግድግዳ ልባስ

በግድግዳ ላይ ሽብልቁ ንጣፉን ከጎረቤቱ ጋር ያስተካክለዋል እንጂ ክብደቱን አይሸከምም፤ እንዳይንሸራተት ከታች መደገፊያ ያስፈልጋል። በብረት ማያዣ የሚሰቀለው ከባድ የድንጋይ ልባስ በሌላ ዐይነት መደልደያ ይስተካከላል።