የወንዞችና የሌሎች የውሃ አካላት ብክለት፦ የአቃቂና የአዋሽ ሁኔታ፣ የጥንቃቄ እርምጃዎችና የአቤቱታ አቀራረብ

የውሃ ብክለት ማለት ቆሻሻ ወይም ኬሚካል ወደ ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ምንጭ ወይም የከርሰ ምድር ውሃ በመግባቱ ውሃው ለመጠጥ፣ ለመስኖ፣ ለእንስሳት ወይም በውስጡ ለሚኖሩ ፍጥረታት የማይስማማ ሲሆን ነው። በኢትዮጵያ ችግሩ ጎልቶ ከሚታይባቸው ወንዞች መካከል አቃቂ በቀዳሚነት ይጠቀሳል። ትንሹ አቃቂ በምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ አዲስ አበባን አቋርጠው በአባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ።

አዋሽ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በመሆኑም ከላይ የገባ ቆሻሻ ታጥቦ ከአገር የሚወጣበት በር የለውም። ከፊሉ በጉዞው ይበሰብሳል፤ የማይበሰብሰው በደለል ውስጥ ይከማቻል ወይም በመስኖ ቦይ ወደ ማሳ ይወጣል። የአዳማ ከተማ ነዋሪዎች የሚጠጡት ውሃ ከዚሁ ወንዝ ተቀድቶ የሚጣራ መሆኑ ሲታሰብ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ ጓሮ የሚለቀቅ ፍሳሽ የሠፈር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል።

የብክለቱ ምንጮች

በመጠን ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የቤት ፍሳሽ ነው፤ ምንም እንኳ በብዙዎች ዘንድ ወዲያው የሚወቀሰው ፋብሪካ ቢሆንም። የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በተደረገለት ማስፋፊያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ የማጣራት አቅም እንዲኖረው ተደርጓል። ሆኖም ማጣሪያው ሊያጣራ የሚችለው በመስመር ወይም በመምጠጫ ተሽከርካሪ የደረሰውን ብቻ ነው። ከመስመር ጋር ያልተገናኘ፣ ጉድጓዱም በወቅቱ ያልተመጠጠ ወይም በስውር ቱቦ ከጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ጋር የተያያዘ መጸዳጃ ቤት ያለው ግቢ ፍሳሹን በቀጥታ ወደ ወንዝ ይልካል። የጎርፍ ቦይ የተሠራው ለዝናብ ውሃ ሲሆን መድረሻው ማጣሪያ ሳይሆን ወንዝ ነው።

የኢንዱስትሪ ፍሳሽ በመጠን ቢያንስም በባሕርይው ይለያል። ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ ለማልፋት ክሮሚየም የተባለውን ብረት ይጠቀማሉ፤ ከጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ፣ ከብረታ ብረት ሥራና ከጋራዦች ደግሞ ቀለም፣ አሲድ፣ ዘይትና ሌሎች ከባድ ብረቶች ይወጣሉ። ብረት አይበሰብስም።

ሦስተኛው ምንጭ ከእርሻ ማሳ በጎርፍ ታጥቦ የሚመጣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ነው። በማዳበሪያም ሆነ በሰው ፍሳሽ ውስጥ የሚገኙት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ሐይቅ ሲደርሱ ለዋቅላሚና ለእምቦጭ ምግብ ይሆናሉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተገነባው የቆቃ ግድብ ሐይቅ ለዚህ ማሳያ ነው፤ እምቦጭ በጣና ላይ ከመታየቱ ከበርካታ ዓመታት በፊት በቆቃ ታይቷል። ውሃውን አረንጓዴ ቀለም የሚያስመስሉት አንዳንድ የዋቅላሚ ዓይነቶች ጉበትን የሚጎዳ መርዝ የሚያመነጩ በመሆናቸው ለሰውም ለከብትም አደገኛ ናቸው።

የብክለቱ ክብደት ከወቅት ወቅት ይለያያል። በበጋ የወንዙ የተፈጥሮ ውሃ ስለሚቀንስ በአንዳንድ ቦታዎች የሚፈሰው በአብዛኛው ፍሳሽ ይሆናል። በክረምት ውሃው ቢበዛም የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በጎዳናና በቦይ የተጠራቀመውን ሁሉ አጥበው በአንድ ጊዜ ያወርዱታል።

ውሃን ማፍላት የሚፈታውና የማይፈታው ችግር

የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ውሃ አይደለም። ጀርምም ሆነ የሟሟ ብረት በዓይን አይታይም፤ ብዙ ጊዜም ሽታ የለውም። ውሃን ማፍላት ኮሌራን፣ ታይፎይድንና ሌሎች የተቅማጥ በሽታዎችን የሚያመጡ ተሕዋስያንን ይገድላል። ለዚህም ውሃው በሚገባ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ለ1 ደቂቃ፣ እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ደግሞ ለ3 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ በደጋ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላልና። የውሃ ማከሚያ ክሎሪን የሚጠቀም ሰው በጠርሙሱ ወይም በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠንና የመቆያ ጊዜ ይከተል። ውሃው ደፍራሽ ከሆነ አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ መጠለል ይኖርበታል።

ክሮሚየም፣ እርሳስ፣ ናይትሬትና የዋቅላሚ መርዝ ግን በማፍላት አይጠፉም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ በቀሪው ውስጥ ያሉት ብረቶችና ናይትሬት መጠናቸው ይጨምራል። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ከእሳተ ገሞራ አለት የሚገኘው ፍሎራይድም እንዲሁ ነው፤ ምንጩ ተፈጥሮ እንጂ ብክለት ባይሆንም በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም ሲበልጥ ጥርስን፣ መጠኑ እጅግ ሲያይል አጥንትን ይጎዳል። ስለሆነም ከፋብሪካ ፍሳሽ መውረጃ በታች ያለ ወይም አረንጓዴ ዋቅላሚ የሸፈነው ውሃ ተፈልቶም ቢሆን ለመጠጥ ሊውል አይገባም።

በተበከለ ወንዝ መስኖ የለማ አትክልትም ጥንቃቄ ይሻል። እንደ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ያሉ ቅጠላ ቅጠሎች ከባድ ብረቶችን ከሌሎች ሰብሎች ይበልጥ ያከማቻሉ። በንጹሕ ውሃ ማጠብ በላያቸው ያለውን አፈርና ጀርም ይቀንሳል፤ አብስሎ መመገብም ከጥሬው ይሻላል። ወደ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን ሁለቱም አያስወግዱትም።

ሕጉ የሚለው

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ ከሌሎች አገልግሎቶች ሁሉ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ቆሻሻን ወደ ውሃ አካል መልቀቅንም በፈቃድ ሥር ያደርጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ሰው የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። በዚሁ አዋጅ መሠረት የአካባቢ ተቆጣጣሪ አስቀድሞ ሳያሳውቅና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳያስፈልገው ወደ ድርጅቱ ገብቶ መመርመርና ናሙና መውሰድ ይችላል።

አቤቱታ ስለማቅረብ

አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለዜጎች የሰጠው ሰፊ መብት እምብዛም አይታወቅም። ማንኛውም ሰው በራሱ ላይ ጉዳት መድረሱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ወይም ድርጅት ላይ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለሚመለከተው የክልል ወይም የከተማ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። የወንዙ ባለ መሬት ወይም የአካባቢው ነዋሪ መሆን ግዴታ አይደለም።

አቤቱታው የቀረበለት አካል በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የመወሰኛው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ክስ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል። ቀኖቹ የሚቆጠሩት በማስረጃ በመሆኑ አቤቱታው በጽሑፍ ሊሆንና አቤት ባዩም በመዝገብ ቤት የገቢ ቁጥርና ቀን የሠፈረበትን ቅጂ ይዞ ሊመለስ ይገባል። በቃል ተነግሮ የተረሳ ጉዳይ የጊዜ ገደቡ መቼ እንደጀመረ ለማስረዳት ያስቸግራል።

በአቤቱታው ውስጥ ቦታው በሚታወቅ ምልክት (ድልድይ፣ ቤተ እምነት፣ የቀበሌ ስም)፣ ፍሳሹ የታየበት ቀንና ሰዓት፣ ቀለሙና ሽታው፣ የሚወጣበት ቱቦ ወይም ቦይ እንዲሁም የታየ ጉዳት ቢገለጽ ምርመራውን ያፋጥናል። ፍሳሹ የሚለቀቀው ሌሊት ወይም በዝናብ ሰዓት ከሆነ የበርካታ ቀናት ምዝገባ ከአንድ ቀን ምስክርነት ይበልጥ ይጠቅማል፤ ተቆጣጣሪው መቼ መምጣት እንዳለበት ያሳየዋልና። ፎቶግራፍ ማያያዝም ይቻላል። በለስላሳ ጠርሙስ የተቀዳ ውሃ ይዞ መምጣት ግን አይመከርም፤ ናሙና በተዘጋጀ ዕቃ ተቀድቶና ቀዝቅዞ በሰዓታት ውስጥ ላቦራቶሪ ካልደረሰ ውጤቱ አያስተማምንም።

ዓሦች በብዛት ሞተው ሲንሳፈፉ፣ ከብቶች ከወንዝ ጠጥተው ወዲያው ሲወድቁ ወይም ነዳጅና ኬሚካል የጫነ ተሽከርካሪ ወንዝ ውስጥ ሲገለበጥ የጽሑፍ አቤቱታ እስኪዘጋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ለቅርብ ወረዳ አስተዳደር፣ ለጤና ጣቢያና ለፖሊስ ወዲያውኑ ማሳወቅ፣ ከታች በኩል ውሃ ለሚቀዱ ጎረቤቶች መልእክት ማድረስ፣ የሞተውን ዓሣ ወይም የከብት ሥጋ ለምግብ አለማዋል፣ የእንስሳት ሐኪም እስኪያየውም ሬሳውን ወደ ወንዙ አለመጣል ያስፈልጋል።