የሉዓላዊነት ለውጥና የንግዱ ማኅበረሰብ አመኔታ፦ የሆንግ ኮንግ ተሞክሮ

ከ1842 ጀምሮ በብሪታንያ ሥር የቆየችው ሆንግ ኮንግ ጁላይ 1 ቀን 1997 ወደ ቻይና ሉዓላዊነት ተመልሳለች (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያች ከተማ ኩባንያዎችና ባንኮች ጋር የሚሠሩ ነጋዴዎች ዛሬም የሚያጋጥማቸው አሠራር በአብዛኛው የተቀረጸው ከርክክቡ በፊት በነበሩት አሥራ አምስት ዓመታት፣ የንግዱ ማኅበረሰብ አመኔታ እንዳይናድ ሲባል በተወሰዱ እርምጃዎች ነው።

ጉዳዩን ያስነሣው የመሬት ሊዝ ነበር። የሆንግ ኮንግ ደሴትና ካውሉን ለብሪታንያ በዘላቂነት የተሰጡ ሲሆኑ፣ የግዛቱን አብዛኛውን የቆዳ ስፋት የሚይዘው ኒው ቴሪቶሪስ ግን በ1898 ለ99 ዓመታት ብቻ በኪራይ የተያዘ ነበር። መንግሥት በዚሁ አካባቢ ለግለሰቦችና ለድርጅቶች የሰጣቸው ይዞታዎች የሚያበቁት ዋናው የኪራይ ውል ከመጠናቀቁ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። የሊዝ ዘመኑ የሚያልቅ ይዞታን በመያዣነት ተቀብሎ የረጅም ጊዜ ብድር ለመስጠት የሚደፍር ባንክ እምብዛም አይገኝም። ስለሆነም አገረ ገዥው ሰር መሪ ማክሌሆስ በ1979 ቤይጂንግ ተጉዘው ጉዳዩን አነሡ። ዴንግ ሺያዎፒንግ ባለሀብቶች እንዳይሰጉ ቢያሳስቡም፣ በሊዙ ላይ የተጨበጠ ምላሽ አልሰጡም።

በሴፕቴምበር 1982 ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ቤይጂንግን ከጎበኙ በኋላ ድርድሩ ሲጓተት የአክሲዮን ዋጋና የገንዘቡ ምንዛሪ አብረው ወረዱ። ከአንድ ዓመት በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በ6 የሆንግ ኮንግ ዶላር አካባቢ ይመነዘር የነበረ ሲሆን፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1983 ወደ 9.60 ደረሰ። ነዋሪዎች ሩዝና ዘይት ለማከማቸት መደብሮችን አጨናነቁ።

የተሰጠው መልስ ቀላልና ጥብቅ ነበር። ከኦክቶበር 17 ቀን 1983 ጀምሮ ገንዘቡ በ7.80 ከአሜሪካ ዶላር ጋር ተሳሰረ። የባንክ ኖት የማተም ፈቃድ ያላቸው ባንኮች አዲስ ኖት ለማውጣት በዚሁ ተመን ተመጣጣኙን የአሜሪካ ዶላር ለመንግሥት የምንዛሪ ፈንድ አስቀድመው ገቢ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ገንዘቡን ያጸናው የባለሥልጣናት ማረጋገጫ ሳይሆን ይህ መጠባበቂያ ነው ማለት ይቻላል።

ዲሴምበር 19 ቀን 1984 የተፈረመው የብሪታንያና የቻይና የጋራ መግለጫ የከተማዋ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ሥርዓት ለ50 ዓመታት ሳይለወጥ እንዲቀጥል ደነገገ። ለባንኮች ከሁሉም በላይ የጠቀመው ግን ሦስተኛው አባሪ ነበር፤ የመሬት ሊዞች እስከ ጁን 30 ቀን 2047 ሊራዘሙ እንደሚችሉ በቁርጥ አስቀምጧል።

ይሁንና ስጋቱ ፈጽሞ አልጠፋም። በከተማዋ ካሉት አንጋፋ የንግድ ቤቶች አንዱ የሆነው ጃርዲን ማቲሰን ሕጋዊ መቀመጫውን ወደ ቤርሙዳ እንደሚያዛውር ያስታወቀው በ1984፣ ድርድሩ ገና ሳይጠናቀቅ ነበር። የጁን 1989 የቲየናንመን አደባባይ ክስተት በተከተለው የመጀመሪያ የግብይት ቀን የሃንግ ሴንግ የአክሲዮን መለኪያ ከአንድ አምስተኛ በላይ አሽቆለቆለ። በ1992 ብቻ ከ60 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ወደ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ሌሎች አገሮች ተሰደዱ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተማሩና በሙያ የሠለጠኑ ነበሩ፤ አንዳንዶችም የውጭ ፓስፖርት ካገኙ በኋላ ተመልሰው ሥራቸውን ቀጥለዋል። ኤችኤስቢሲ በበኩሉ የብሪታንያውን ሚድላንድ ባንክ ገዝቶ በ1993 ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ለንደን አዛወረ፤ ሆኖም በሆንግ ኮንግ ኖት ማሳተሙንም ሆነ ትልቁን ሥራውን አላቋረጠም። መቀመጫን ማዛወርና ገበያን ጥሎ መውጣት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይህ በግልጽ ያሳያል።

ርክክቡ ራሱ በሰላም ተፈጸመ። ፈተናው ያልተጠበቀ በር አንኳኳ፦ ጁላይ 2 ቀን 1997፣ በማግስቱ፣ ታይላንድ የገንዘቧን ቋሚ ተመን ለቀቀች፤ የእስያ የፋይናንስ ቀውስም ተከተለ። በኦክቶበር የሆንግ ኮንግ ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት የአንድ ሌሊት ወለድ ለአጭር ጊዜ ወደ 280 በመቶ ተተኮሰ። በኦገስት 1998 መንግሥት በ118 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ገደማ አክሲዮን ገዝቶ ገበያውን ደገፈ። ነፃ ገበያን መርሑ ላደረገ አስተዳደር ይህ ብዙ ትችት ያስከተለ ውሳኔ ቢሆንም፣ የ7.80 ትስስር አልተበጠሰም።

በ1990 በጸደቀው መሠረታዊ ሕግ መሠረት ሆንግ ኮንግ ከዋናው ቻይና የተለየ ገንዘብ፣ የተለየ የጉምሩክ ክልልና በኮመን ሎው የሚመሩ ፍርድ ቤቶች አሏት፤ የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥርም የለባትም። በመሆኑም በሆንግ ኮንግ ከተመዘገበ ኩባንያ ጋር የተፈረመ ውል በዋናው ቻይና ከተመዘገበ ኩባንያ ጋር ከተፈረመው ጋር አንድ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ዕቃው ከዋናው ቻይና ተጭኖ ክፍያው በሆንግ ኮንግ ባንክ በሚፈጸምበት ግብይት፣ ገዥው የሻጩን የምዝገባ ቦታ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ ክርክር ቢነሣ በየትኛው ሕግና ፍርድ ቤት እንደሚዳኝም በውሉ ውስጥ በግልጽ ማስፈር ይጠበቅበታል።