የውጭ እርዳታ በኢትዮጵያና በደቡብ ኮሪያ፦ ንጽጽራዊ የታሪክ ምልከታ



በዚህ ገለጻ የሁለት አገሮችን የእርዳታ ታሪክ ጎን ለጎን አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በአገራችን የተለመደው ንጽጽር የሚጀምረው ከቃኘው ሻለቃ ነው፤ በ1951 እኛ ለኮሪያ ደረስንላት፣ ዛሬ ግን ረጂዋ እሷ ሆናለች ይባላል። ይህ አነጋገር ቁጭት ይቀሰቅሳል እንጂ ምክንያቱን አያስረዳም።

በመጀመሪያ መነሻው እኩል አልነበረም። ኮሪያ ከጃፓን ቅኝ አገዛዝ ስትወጣ የባቡር መስመርና የፋብሪካ ልምድ ነበራት። ጦርነቱ ሕንጻውን ቢያፈርስም እውቀቱን አላጠፋም። ከሁሉም በላይ በ1949 የወጣው የመሬት ሕግ ጭሰኛውን ባለይዞታ አድርጎት ነበር። በእኛ አገር ጭሰኝነት የተሻረው በ1975 ነው።

የእርዳታው መጠንም እኩል አልነበረም። አሜሪካ ከ1946 እስከ 1976 ለደቡብ ኮሪያ የሰጠችው የኢኮኖሚና የጦር እርዳታ ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ለኢትዮጵያ የደረሳት ከዚህ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ከንቱ አልቀረም። የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የመጀመሪያውን ብድር በ1950 የሰጠው ለኢትዮጵያ ሲሆን፣ ገንዘቡ ለመንገድና ለልማት ባንክ ውሏል። በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅም በአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታና በኦክላሆማ መምህራን ተደራጀ። እነዚህ ተቋማት ከመሠረቷቸው መንግሥታት ይልቅ ዕድሜ አግኝተዋል።

ይሁን እንጂ መጠን ብቻውን ውጤቱን አይወስንም። በ1950ዎቹ በሲንግማን ሪ ዘመን ኮሪያ ከምታስገባው ሸቀጥ አብዛኛው በእርዳታ ይሸፈን ነበር፤ ዕድገቷ ግን አዝጋሚ፣ አስተዳደሩም በሙስና የተወቀሰ ነበር። ለውጡ የመጣው እርዳታው መቀነስ ሲጀምር ነው። በ1961 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው የፓርክ ቹንግ ሂ መንግሥት ፊቱን ወደ ውጭ ንግድ አዞረ። በ1965 ከጃፓን ጋር ታርቆ 300 ሚሊዮን ዶላር በስጦታ፣ 200 ሚሊዮን ዶላር በብድር ተቀበለ፤ ከዚህም ከፊሉን በፖሃንግ የብረታ ብረት ፋብሪካ ላይ አዋለው። ዕርቁን የተቃወሙ ተማሪዎች ግን በወታደራዊ ሕግ ጸጥ እንዲሉ ተደርገዋል። የኮሪያን ስኬት ስንጠቅስ ይህንም ዋጋ መጥቀስ ይገባናል።

በእኛ በኩል ትምህርት የሚሰጠው ምሳሌ፣ በ1967 በስዊድን እርዳታ በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ነው። ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ምርት ጨመረ። እርሻው ትርፍ እንደሚያስገኝ ያዩ ባለመሬቶች ግን ትራክተር አስገብተው ጭሰኞቻቸውን አፈናቀሉ። እርዳታው ያሰበለትን ሰው ከመሬቱ አስነሣው ማለት ነው። የጎደለው የመሬት ሥሪት ለውጥ ነበር፤ ያን ደግሞ ስዊድን ልትሰጠን አትችልም።

ከዚያ በኋላ የእርዳታው ጠባይ ተለዋወጠ። በ1977 ከአሜሪካ ጋር የነበረው የጦር ትብብር ሲቋረጥ የሶቪየት መሣሪያ ከነዕዳው ተተካ። በ1984 እና በ1985 የጎረፈው እህል ነፍስ ለማዳን እንጂ አገር ለመገንባት የመጣ አልነበረም። ከ1991 በኋላ የልማት እርዳታ አደገ፤ በ2004 የዕዳ ስረዛ ተገኘ፤ በ2005 የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። ኮሪያ ደግሞ በ2010 የረጂ አገሮችን ኮሚቴ ተቀላቀለች።

የአሜሪካ የልማት ድርጅት ሐምሌ 1 ቀን 2025 በይፋ ተዘግቷል። ስለዚህ ይህ ንጽጽር ለእኛ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ኮሪያውያን የእርዳታውን መጠን አልመረጡም፤ መቀነሱ እንደማይቀር ሲያዩ ግን ዕቅዳቸውን በዚያ ላይ መሠረቱ። ጤና ጣቢያዎቻችንና የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎቻችን ያለ ረጂ ገንዘብ እንዴት እንደሚዘልቁ የሚመልስ ዕቅድ አለን ወይ? «ስንት ተሰጠን?» ከሚለው ይልቅ ልትመረምሩት የሚገባው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል።