«ግዞት» የሚለው ቃልና የአንኮበር ዘመን ታሪክ

የታሪክ መምህራን «ግዞት» የሚለውን ቃል ለተማሪዎቻቸው ሲፈቱ «ከአገር ማስወጣት» ብለው ማለፋቸው የተለመደ ነው። ይህ አፈታት ግን የሸዋን ታሪክ ለማስረዳት አይበቃም፤ እንዲያውም ያሳስታል።

ቃሉ «አጋዘ» ከሚለው ግሥ የሚገናኝ ሲሆን፣ «ጓዝ»፣ «ተጓዘ» እና «ማጓጓዝ» ቤተ ዘመዶቹ ናቸው። የሩቅ ምንጩም መሄድንና ሰፈር መልቀቅን የሚያመለክተው የግዕዙ «ግዕዘ» ነው። እንግዲህ የተጋዘ ሰው በፈቃዱ የሚጓዝ ሳይሆን እንደ ጓዝ ተጭኖ የሚወሰድ ነው ማለት ነው። (ከእነዚሁ ፊደላት «ግዕዛን»፣ ይኸውም ነፃነት፣ መገኘቱ የሚያስገርም ነው።) ተማሪዎች የሚያደናግሩት «ግዝት» ግን «ገዘተ» ከሚለው የወጣ በመሆኑ ዘሩ ሌላ ነው።

ጓዝ ደግሞ ተወስዶ የሚቀመጥበት ስፍራ አለው። የቃሉ ዋና ፍሬ ነገር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ለዘውድ ተቀናቃኝ ይሆናሉ ተብለው የተፈሩ የንጉሡ የሥጋ ዘመዶች ከአንኮበር ብዙም ሳይርቁ በጎንቾ ታስረው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ መፈታታቸውን በመጽሐፉ ተርኳል። በአንጻሩ ሚሲዮናዊው ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከሸዋ ከወጣ በኋላ እንዳይመለስ ተከለከለ፤ አባ ማስያስም እ.ኤ.አ. በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የውጭ ሰው ይባረራል፣ የንጉሥ ልጅ ግን ከተለቀቀ ጦር አስከትሎ ሊመለስ ስለሚችል ከዓይን አይራቅም።

ይህ ሥጋት ከንቱ አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1855 ሸዋን ሲይዙ ሕፃኑን ምኒልክን ወደ መቅደላ ወሰዱት። በዚያም በእንክብካቤ አደገ፣ የንጉሠ ነገሥቱንም ልጅ አገባ፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1865 አምልጦ አባቶቹ የገዙትን ሸዋን መልሶ ያዘ። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ጎንቾንና መቅደላን በአንድ ካርታ ላይ ቢያመለክቱ ከረጅም ማብራሪያ ይሻላል።

ልጅ ኢያሱም እ.ኤ.አ. በ1921 ተይዘው በፍቼ ተቀመጡ፤ በ1932 አምልጠው ሲያዙ ደግሞ ወደ ሐረርጌ፣ ወደ ጋራ ሙለታ ተጋዙ። ፍቼ ከአዲስ አበባ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ብቻ ትርቃለች።