ጉድጓድ ቆፋሪው ሸረሪት ከሰው ቤት እንዴት ገባ?

«ታራንቱላ» የሚባለው ስም የመጣው በደቡብ ኢጣሊያ ካለችው ከታራንቶ ከተማ ነው። በዚያ አገር መሬት ቆፍሮ የሚኖር አንድ ሸረሪት አለ። በቀድሞ ዘመን ሕዝቡ በዚህ ሸረሪት የተነከሰ ሰው ካልጨፈረ በቀር አይድንም ብሎ ያምን ነበር። ዛሬ ግን ንክሻው እንዲህ ያለ በሽታ እንደማያመጣ ታውቋል። ስለዚህ ሸረሪቱ ባልሠራው በደል ብዙ ዘመን ሲከሰስ ኖሯል ማለት ነው።

አውሮፓውያን ወደ አሜሪካ ተሻግረው ጠጕራሞቹን ታላላቅ ሸረሪቶች ባዩ ጊዜ ይህንኑ ስም ሰጧቸው፤ ፍርሃቱም ከስሙ ጋር አብሮ ተሻገረ። ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የተባለች ሠዓሊ በ1699 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ሱሪናም ሄደች። በ1705 ባሳተመችው መጽሐፍ ትልቅ ሸረሪት ወፍ ሲበላ ሥላ ብታሳይ፥ ብዙ ሊቃውንት አላመኗትም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤትስ ግን በ1863 ባወጣው መጽሐፍ በአማዞን አገር ይህን የመሰለ ነገር ማየቱን መሰከረ። ደግሞም የአገሩ ልጆች አንዱን ሸረሪት ወገቡን በገመድ አስረው በቤት ውስጥ እንደ ውሻ ሲመሩት ማየቱን ጽፏል። ሊቃውንቱ ገና ሲከራከሩ ሕፃናቱ ተላምደውት ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ዊልያም ቤርግ ሸረሪቶቹን ለብዙ ዓመት እያኖረ መረመረ፤ በ1958ም ስለ እነርሱ መጽሐፍ አሳተመ። የአገሩ ታራንቱላ ንክሻ የሰውን ሕይወት የማያሰጋ መሆኑ፥ ሴቲቱም ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር መቻሏ ታወቀ።

ከዚያ በኋላ ሸረሪቱን በቤት ማኖር በብዙ አገር ተለመደ። አኗኗሩን ላወቀ ሰው ሥራው ቀላል ነው፤ የሚቆፍረው ጥልቅ አፈር፥ የሚጠጣው ውሃ፥ የሚበላው ፌንጣ ይበቃዋል። ነገር ግን ከከፍታ ቢወድቅ ሆዱ ፈንድቶ ሊሞት ይችላልና እንደ መጫወቻ ሊያነሱት አይገባም።

ይሁን እንጂ ከፍርሃቱ ይልቅ ፍቅሩ የባሰ ጉዳት አመጣ። ጉልበተ ቀዩ የሜክሲኮ ሸረሪት ከውበቱ የተነሣ ገበያው ስለ ደራ፥ ሰዎች ከጉድጓዱ እያወጡ ይሸጡት ጀመር። ሴቲቱ ለአካለ መጠን ለመድረስ ብዙ ዓመት ስለሚፈጅባት ለተወሰደችው ምትክ ቶሎ አይገኝም። በዚህ ምክንያት በ1985 ይህ ሸረሪት በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዳቸው ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ፍጥረቶች ተቈጠረ።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ ፍጥረትን ሳይመረምሩ መፍራትም ሆነ ሳያስቡ መውደድ የሚጎዳው ያንኑ ፍጥረት መሆኑን ነው። ሸረሪት ለማኖር የሚሻ ሰው በእርባታ የተገኘውን ይያዝ፤ የዱሩን ግን በጉድጓዱ ይተወው።