መድኃኒት ለምን ይቋረጣል?

  ዛሬ የምናነበው ስለ መድኃኒት ነው። ሰው መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ለምን ያቋርጣል? «ስላልተማረ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ነገሩ ታሪክ አለው።

አያቶቻችን ኮሶ ይጠጡ ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው የኮሶ ትል ይይዘዋል። የኮሶ ዛፍ አበባ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ይመራል፤ ያንገሸግሻል። ግን በዚያው ቀን ትሉ ይወጣል። በዓይንም ይታያል። ከወራት በኋላ ተመልሶ ከመጣ፣ ደግሞ ይጠጣል። እንግዲህ መድኃኒት ማለት አንድ ቀን አሠቃይቶ የሚገላግል ነገር ነው ብለን ኖርን።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እንዲህ አይደለም። ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአገራችን ሕክምናው ለብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ይፈጅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየቀኑ መርፌ አለ። እስቲ አስቡት፤ ጤና ጣቢያ የራቀው ገበሬ እርሻውን ትቶ ስንት ቀን ይመላለሳል? መድኃኒቱ ነጻ ቢሆን እንኳ መንገዱ ነጻ አይደለም።

ሌላም አለ። መድኃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ሳሉ ይቀንሳል፤ የምግብ ፍላጎት ይከፈታል፤ ሰውነት ይመለሳል። ኮሶን የሚያውቅ ሰው «በቃ፣ ዳንኩ» ይላል። ቢልስ ይፈረድበታል? ግን አልዳነም። ቶሎ ቶሎ የሚባዙት ተሕዋስያን ቀድመው ይሞታሉ። እንቅልፍ የያዛቸው ይቀራሉ። ወራት የሚያስፈልገው እነሱን ለመጨረስ ነው። ደግሞ ሪፋምፒሲን የሚባለው ኪኒን ሽንትን ያቀላል። ይህን አስቀድሞ ያልነገሩት ሰው ደም መስሎት ደንግጦ ኪኒኑን ቢጥል፣ ጥፋቱ የማን ነው?

በ1992 በአርሲና በባሌ አዲስ አሠራር ተሞከረ። በሽተኛው ኪኒኑን በጤና ሠራተኛ ፊት ይውጣል። «እንደ ልጅ ቆጠሩኝ» ብሎ የሚቆጣ አይጠፋም፤ እውነት አለው። ቢሆንም የሚያስታውስና የሚጠይቅ ሰው አገኘ። የሕክምናው ጊዜም ወደ ስምንት ወር፣ በኋላም ወደ ስድስት ወር አጠረ። በኋላም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ቀበሌ ወጡ፤ መንገዱም ለብዙዎች ቀረበ።

መድኃኒት ሲቆራረጥ ተሕዋሱ መድኃኒቱን ይለምዳል። የተላመደውን ነቀርሳ ማከም በአገራችን የተጀመረው በ2009፣ በእንጦጦ ግርጌ ባለው በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው። ያን ጊዜ ሕክምናው ሁለት ዓመት ያህል ይወስድ ነበር። ከታካሚዎቹ ውስጥ አንድም ቀን ያላቋረጡ ይኖራሉ፤ የተላመደው ተሕዋስ ከሌላ ሰው በትንፋሽ ይተላለፋልና።

ከሆስፒታሉ ከፍ ብሎ፣ በተራራው ላይ፣ የእንጦጦ ማርያም ጠበል አለ። የኤችአይቪ መድኃኒት በ2005 በነጻ መሰጠት ሲጀምር ብዙ ሕሙማን እዚያ ነበሩ። ኪኒን መዋጥ እምነት ማጉደል መስሏቸው የተዉት ጥቂት አልነበሩም። እነዚህን ሰዎች ሐኪም ቢቆጣቸው አይሰሙም። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ ኪኒናቸውን በጠበሉ የሚያወራርዱ ታዩ።